ሊሸነፍ የሚችል ንድፈ ሐሳብ፦ ለሥነ ልቦና ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የደረጃ በደረጃ መመሪያ

የመመረቂያ ጽሑፉን የጀመረ የሥነ ልቦና ተማሪ ብዙ ጊዜ እጁ የሚያዘው «የንድፈ ሐሳብ ማዕቀፍ» የሚለው ክፍል ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። ሁለት ሦስት ታላላቅ ስሞች ይጠራሉ፤ እያንዳንዳቸው በአንድ አንቀጽ ይጠቃለላሉ፤ ሣጥንና ቀስት ያለበት ሥዕል ይከተላል፤ ከዚያ ጽሑፉ ወደ መጠይቁ ይሻገራል። ውጤቱ እንደተጠበቀው ከመጣ «ንድፈ ሐሳቡን ይደግፋል» ይባላል። ካልመጣ ጥፋቱ የናሙናው ማነስ ወይም የመላሾቹ ግዴለሽነት ይሆናል። ንድፈ ሐሳቡን በሁለቱም መንገድ የሚነካው የለም።

ችግሩ የጀማሪዎች ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፖል ሚል እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በዚህ ሙያ ንድፈ ሐሳቦች የሚጠፉት በማስረጃ ተሸንፈው ሳይሆን ሰው ሰልችቷቸው መሆኑን በምሬት ገልጾ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጥሩ ንድፈ ሐሳብ የት ላይ እንደሚሸነፍ አስቀድሞ የሚናገር ነው። ቀጥሎ ያሉት ሰባት ደረጃዎች እንዲህ ያለውን ንድፈ ሐሳብ ለመሥራትና የሌሎችንም በዚያው ሚዛን ለመመዘን የሚረዱ ናቸው። የሚያስፈልጓችሁ ወረቀት፣ ኤክሴል ወይም ሌላ የሠንጠረዥ ፕሮግራም፣ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ፣ እንዲሁም በሐሳባችሁ የማይስማማ አንድ ታማኝ ባልደረባ ናቸው።

ደረጃ 1፦ የምታብራሩትን ክስተት ለዩ

ንድፈ ሐሳብ የሚያብራራው ክስተትን እንጂ ዳታን አይደለም። ዳታ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የተሰበሰበ ቁጥር ነው፤ የመጠይቁ አጻጻፍ፣ የፈታኙ ሁኔታ፣ የመላሾቹ ድካም ሁሉ ገብቶበታል። ክስተት ግን ተመራማሪው፣ ቦታውና መለኪያው በመጠኑ ቢለዋወጡም ተመልሶ የሚመጣ ነገር ነው። ተመልሶ ለማይመጣ ነገር ምክንያት መፈለግ ድካሙን ከንቱ ያደርጋል።

ክስተቱን ስትጽፉ መልኩን ሙሉ በሙሉ አስፍሩ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 ያሳተሙትን ጥናት ውሰዱ። ተማሪዎች አንዱን አጭር ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ደግመው አነበቡት፤ ሌላውን ግን አንብበው ያስታወሱትን በወረቀት ላይ ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡትን የበለጠ አስታወሱ፤ 81 በመቶ ለ75 በመቶ። ከሳምንት በኋላ የተፈተኑት ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ራሳቸውን ከፈተኑበት ጽሑፍ 56 በመቶውን ሲያስታውሱ ደግመው ካነበቡት ያስታወሱት 42 በመቶውን ብቻ ነበር።

ይህን «ራስን መፈተን ለትምህርት ይጠቅማል» ብላችሁ ብትጽፉት በጣም ጠቃሚውን ክፍል ጣላችሁት። የሚያብራራውን ሰው የሚያስጨንቀው መገልበጡ ነው። «ራስን መፈተን ትኩረትን ይጨምራል» የሚል ማብራሪያ የሳምንቱን ውጤት ያስረዳ ይሆናል፤ የ5 ደቂቃው ላይ ግን ይቆማል። ክስተቱ በዝርዝር በተጻፈ ቁጥር ደካማ ማብራሪያዎች ገና ከጅምሩ ይወድቃሉ። ስለዚህ አቅጣጫውን፣ ጊዜውን፣ የሚጠፋበትንና የሚገለበጥበትን ሁኔታ ሁሉ አንድ አንቀጽ ውስጥ አስገቡ።

ክስተቱ በእርግጥ መኖሩን ማጣራትም የዚህ ደረጃ ሥራ ነው። ብዙዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው፤ ዋጋውም ከባድ ነው። ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ በ1998 የተራቡ ተማሪዎችን ትኩስ የቸኮሌት ብስኩት ወደሚሸትበት ክፍል አስገቧቸው። ገሚሶቹ ብስኩቱን እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ሌሎቹ ብስኩቱን ትተው ራዲሽ የሚባለውን ጥሬ ሥራ ሥር እንዲበሉ ታዘዙ። ቀጥሎ መፍትሔ የሌለው እንቆቅልሽ ሲሰጣቸው ብስኩት የበሉት 19 ደቂቃ ገደማ ሲታገሉ ራዲሽ የበሉት በ8 ደቂቃ ገደማ ተስፋ ቆረጡ። ከዚህ ተነሥቶ ራስን የመግዛት ኃይል ሲሠራበት የሚያልቅ ስንቅ ነው የሚል ንድፈ ሐሳብ ተገነባ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥናቶችም ተከተሉት። በ2016 ግን 23 ቤተ ሙከራዎች ከ2,100 በላይ ሰዎችን ይዘው፣ አስቀድሞ በታተመ አንድ ዕቅድና በሌላ ዓይነት ፈተና ሲሞክሩት ውጤቱ ከዜሮ የማይለይ ሆነ። በ2021 የታተመው የ36 ቤተ ሙከራዎች ጥናትም እጅግ ትንሽ ውጤት ብቻ አገኘ።

አንድ ጥናት የታወቀ መሆኑ ዋስትና አይደለም። በ2015 ይፋ የሆነው ትልቅ የድጋሚ ሙከራ ፕሮጀክት በታወቁ መጽሔቶች የወጡ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን ደገመ፤ ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው ስታትስቲካዊ ትርጉም ያለው ውጤት ዘግበው ሳለ ሲደገሙ ያን ያገኙት 36 በመቶው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ጠይቁ። ከመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች ውጭ ሌላ ቡድን አግኝቶታል? ከአንድ በላይ በሆነ መለኪያ ታይቷል? ዕቅዱ አስቀድሞ የተመዘገበ ጥናት አለው? ለሦስቱም መልሱ «የለም» ከሆነ የእናንተ የመጀመሪያ ሥራ ንድፈ ሐሳብ መሥራት ሳይሆን ያንን ሙከራ መድገም ነው። ድጋሚ ሙከራን እንደ ዝቅተኛ ሥራ የሚያይ አማካሪ ካጋጠማችሁ ከላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች አሳዩት።

ክስተቱ የት የት እንደሚታይም አጣሩ። እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት መስመሮች ጫፋቸው ላይ ባሉት ቀስቶች አቅጣጫ የተነሣ አንዱ ረዝሞ የሚታይበትን የሙለር-ላየር ሥዕል የማያውቅ የሥነ ልቦና ተማሪ የለም። ማርሻል ሴጋል፣ ዶናልድ ካምቤልና ሜልቪል ሄርስኮቪትስ በ1966 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ኢቫንስተን ከተማ ነዋሪዎች ላይ ከፍተኛ የሆነው ይህ የዓይን ስህተት፣ በካላሃሪ አካባቢ በሚኖሩት የሳን ሕዝቦች ላይ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የሰው ሁሉ ነው የተባለ ነገር የአንድ አካባቢ ሰው ሊሆን ይችላል። በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ የምትሠሩ ከሆነ፣ በሚሺጋን ተማሪዎች ላይ የታየው ክስተት በእናንተ ተሳታፊዎች ዘንድ መኖሩን ሳታዩ ማብራሪያውን አትዋሱ።

ደረጃ 2፦ ነገሩን ከመለኪያው ለዩ

በወረቀቱ ግራ ክፍል የንድፈ ሐሳባችሁን ቁልፍ ነገሮች ዘርዝሩ፤ በቀኙ እያንዳንዱ እንዴት እንደሚለካ ጻፉ። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ሆነው ከተገኙ ችግር አለ።

የተለመደው ስህተት አዙሪት ነው። ሰውየው ለምን እንቆቅልሹን ቶሎ ተወ? ራስን የመግዛት ኃይሉ ስላለቀ። ማለቁን በምን አወቅን? እንቆቅልሹን ቶሎ ስለተወ። የ2016ቱ ጥናት ሲወጣ ከንድፈ ሐሳቡ ደጋፊዎች የተሰማው መከራከሪያ ጥቅም ላይ የዋለው ሥራ ኃይልን በበቂ አያሟጥጥም የሚል ነበር። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን አንድ ሥራ ስንት እንደሚያሟጥጥ ውጤቱን ሳናይ የምናውቅበት መለኪያ አስቀድሞ ተጽፎ ስላልነበረ፣ መከራከሪያው ትክክል ይሁን ስህተት የሚለይበት መንገድ አልነበረም። እናንተ መንስኤውን ከውጤቱ በተለየ መንገድ የምትለኩበትን ዘዴ አሁኑኑ አስቡ።

የተተረጎመ መጠይቅ የምትጠቀሙ ከሆነ በአገር ውስጥ የተፈተነ መሆኑን አጣሩ። ለምሳሌ የድባቴ መለያ የሆነው ፒኤችኪው-9 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2013 ታትሟል። እንዲህ ያለ ፍተሻ የሌለው መለኪያ ከያዛችሁ፣ ትንበያችሁ ሲወድቅ የወደቀው ንድፈ ሐሳቡ ይሁን ትርጉሙ አታውቁም።

ደረጃ 3፦ አንድ ሳይሆን ሦስት ማብራሪያ አምጡ

አሁን «ምን ቢሆን ነው ይህ ክስተት እንደ ተራ ነገር የሚመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያውን መልስ ጻፉና ወደ ጎን አስቀምጡት። ሁለተኛና ሦስተኛ ፈልጉ። ሰው አንድ ማብራሪያ ብቻ ሲይዝ ጥብቅና ይቆምለታል፤ ሦስት ሲይዝ ግን ማወዳደር ይጀምራል።

የሊዮን ፌስቲንገርና የጄምስ ካርልስሚዝ የ1959 ሙከራ የዚህን ጥቅም ያሳያል። አሰልቺ ሥራ የሠሩ ተማሪዎች ለቀጣዩ ሰው «ደስ የሚል ነው» ብለው እንዲዋሹ ገሚሶቹ 1 ዶላር፣ ገሚሶቹ 20 ዶላር ተከፈላቸው። በኋላ ሥራውን ወደነዋል ያሉት 1 ዶላር የተከፈላቸው ነበሩ። የፌስቲንገር ማብራሪያ፦ ያለ በቂ ምክንያት መዋሸታቸው ውስጣዊ ውጥረት ፈጠረባቸው፤ ውጥረቱን ለማርገብ አስተያየታቸውን ቀየሩ። ዳሪል ቤም ደግሞ ምንም ውጥረት አያስፈልግም አለ፤ ሰዎቹ የገዛ ድርጊታቸውን እንደ ውጭ ተመልካች አይተው «በ1 ዶላር ይህን ካልኩ ወድጄው ነው» ብለው ደመደሙ። ሁለቱም ያንኑ ውጤት ያስረዳሉ። ስለዚህ ያንኑ ሙከራ መቶ ጊዜ መድገም ማንን ማመን እንዳለብን አይነግረንም።

የሚለያዩበት ቦታ ውጥረቱ ነው። ማርክ ዛናና ጆኤል ኩፐር በ1974 ለተሳታፊዎች ምንም ኃይል የሌለው እንክብል ሰጥተው ለገሚሶቹ «ያስጨንቃችኋል» አሏቸው። ከዚያ ከእምነታቸው ተቃራኒ የሆነ ጽሑፍ በፈቃዳቸው እንዲጽፉ ሆነ። ጭንቀታቸውን በእንክብሉ ማሳበብ የቻሉት አስተያየታቸውን አልቀየሩም። ይህ በቤም አካሄድ ሊሆን የማይገባው ነበር። የእናንተም ሥራ ማብራሪያዎቻችሁ የሚለያዩባትን ነጥብ ማግኘት ነው፤ ስታገኟት በቀይ ጻፏት።

ሥዕል የምትሠሩ ከሆነ በእያንዳንዱ ቀስት ላይ ግሥ ይኑር። «ይነካል» እና «ተጽዕኖ አለው» አይቆጠሩም። ይጨምራል? ያዘገያል? ከስንት ጊዜ በኋላ? ግሥ ያጣ ቀስት ባላችሁበት ቦታ ሁሉ ንድፈ ሐሳቡ ገና አልተሠራም።

ደረጃ 4፦ በሒሳብ ጻፉት

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይሸሹታል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስተምር ሆኖ ያገኘሁት ይኼው ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንየው። በቃል የተጻፈ ንድፈ ሐሳብ ለሁለት አንባቢ ሁለት ትርጉም ይሰጣል፤ ሒሳብ ግን ያልወሰናችሁትን ነገር ሁሉ እንድትወስኑ ያስገድዳችኋል።

ምሳሌያችን ሮበርት ሬስኮርላና አለን ዋግነር ከየል ዩኒቨርሲቲ በ1972 ያቀረቡት የመማር ንድፈ ሐሳብ ይሁን። የሚብራራው ክስተት ይህ ነው። ሊዮን ካሚን በ1960ዎቹ መጨረሻ አይጦችን ድምፅ ሲሰማ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንደሚመጣ አስተማረ። ቀጥሎ ድምፁንና መብራትን አንድ ላይ እያቀረበ ያንኑ ንዝረት አስከተለ። በመጨረሻ መብራቱን ብቻ ሲያሳያቸው አይጦቹ እምብዛም አልፈሩትም። ድምፁን አስቀድመው ያልተማሩት አይጦች ግን መብራቱን ፈሩት። መብራቱ ከንዝረቱ ጋር የቀረበው ለሁለቱም ቡድኖች እኩል ጊዜ ነው። ስለዚህ «ሁለት ነገሮች አብረው ሲመጡ ይተሳሰራሉ» የሚለው ቀላል ሐሳብ አይበቃም። ቀድሞ የተማሩት ምልክት አዲሱን ከለለው።

በቃል ሲገለጽ የሬስኮርላና የዋግነር ሐሳብ፣ ፍጡር የሚማረው ያልጠበቀው ነገር ሲደርስበት ነው የሚል ነው። ወደ ሒሳብ ለመለወጥ መጀመሪያ የሚለዋወጡትን መጠኖች ጻፉ፤ እያንዳንዱ ምልክት ምን ያህል ንዝረት እንደሚያስጠብቅ የሚያሳይ «ጥንካሬ» ይኖረዋል፤ ሲጀመር 0 ነው። ቀጥሎ ጣሪያውን ወስኑ፤ ንዝረቱ የሚሸከመው ከፍተኛ ጥንካሬ 100 ይሁን፤ ንዝረት ካልመጣ 0። ከዚያ የለውጡን ሕግ ጻፉ፦

ለውጥ = የመማር ፍጥነት × (የመጣው − በቦታው ያሉት ምልክቶች ሁሉ በድምሩ ያስጠበቁት)

«በድምሩ» የምትለው ቃል የንድፈ ሐሳቡ ልብ ናት። የመማር ፍጥነቱን 0.3 እንበልና ኤክሴል ክፈቱ። በመጀመሪያው ሙከራ ድምፁ 0.3 × (100 − 0) = 30 ያገኛል። በሁለተኛው 0.3 × (100 − 30) = 21 ይጨምርና 51 ይሆናል። በሦስተኛው 65.7፣ በአራተኛው 76 ገደማ ይደርሳል። እየቀነሰ የሚሄደው ጭማሪ በብዙ የመማር ሙከራዎች የሚታየውን ኩርባ ይሰጣል። ድምፁ 100 ገደማ ከደረሰ በኋላ መብራቱን ጨምሩ፤ የመጣው 100፣ የተጠበቀው በድምሩ 100፣ ልዩነቱ 0። መብራቱ ምንም አያገኝም። የካሚን ውጤት ከሕጉ በራሱ ወጣ፤ ማንም በእጁ አላስገባውም።

እናንተም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ሕጉ እንዲህ የታወቀ እኩልታ መሆን የለበትም፤ ሁለት ሦስት መጠኖችና ከአንዱ ጊዜ ወደ ቀጣዩ እንዴት እንደሚለወጡ የሚገልጽ አንድ መስመር ይበቃል። የጀማሪ ስህተት ሁሉንም ነገር ሞዴሉ ውስጥ ማስገባት ነው። እንደፈለጋችሁ የምታስተካክሏቸው ቁጥሮች ሲበዙ ሞዴሉ የማይመስለው ነገር አይኖርም፤ ያኔ ጥንካሬውን አጣ ማለት ነው። የመማር ፍጥነቱን 0.1 ወይም 0.6 አድርጋችሁ ደግማችሁ አስሉ። ዋናው ውጤት ለአንድ ቁጥር ብቻ የሚመጣ ከሆነ ያ ቁጥር ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማስረዳት አለባችሁ።

ሲያልቅ ገጹን ለዚያ ለማይስማማው ባልደረባችሁ ስጡት። እናንተ በሌላችሁበት ትንበያውን ያስላው። የሚያገኘው ቁጥር ከእናንተ ከተለየ የጎደለው እርሱ ሳይሆን ገጹ ነው፤ ያልተጻፈ ግምት አለ።

ደረጃ 5፦ ንድፈ ሐሳቡ የሚከለክለውን ጻፉ

«ሀ ከለ ጋር አዎንታዊ ዝምድና አለው» የሚል ትንበያ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ሚል ቁጥር አምጥቶ አሳይቷል። ከዴቪድ ሊከን ጋር በሚኒሶታ ግዛት ከ57,000 የማያንሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን መረጃ ወስደው 15 ተለዋዋጮችን ሁለት ሁለት አድርገው ሲያጣምሩ 105 ጥንዶች ተገኙ፤ በ105ቱም ስታትስቲካዊ ትርጉም ያለው ዝምድና ታየ። የሃይማኖት ክፍል፣ የትርፍ ጊዜ ምርጫ፣ የቤተሰብ መጠን፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር። በእንዲህ ያለ ዓለም ናሙና በቂ ከሆነ ዝምድና መገኘቱ አይቀርም፤ አቅጣጫውን ብቻ የተነበየ ሰው ሳንቲም ወርውሮም ግማሽ ዕድል አለው። እንግዲህ «ፒ-ቫልዩ ከ0.05 በታች ሆነ» ማለት ለንድፈ ሐሳቡ ብዙም ምስክር አይደለም።

የተሻለው ትንበያ ንድፈ ሐሳቡን የማያምን ሰው የማይጠብቀው ነው። ወደ ኤክሴሉ ተመለሱ። ድምፁን ለብቻው 100 አድርሱት፤ መብራቱንም ለብቻው 100 አድርሱት። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አቅርቡና ያንኑ ንዝረት አስከትሉ። ተራው ግምት ፍርሃቱ ባለበት ይቆያል ወይም ይጨምራል የሚል ነው፤ ንዝረቱ እኮ አልቀረም። ሕጉ ግን ሌላ ይላል፤ የመጣው 100፣ የተጠበቀው 200፣ ልዩነቱ ከዜሮ በታች 100። እያንዳንዱ ምልክት 30 ያጣና 70 ይሆናል፤ ቀጥሎ 58፤ ቀጥሎ 53 ገደማ፤ እያለ ወደ 50 ይወርዳል። ንዝረቱ እየቀጠለ ፍርሃቱ ይቀንሳል ማለት ነው። ሙከራው ሲደረግ የታየውም ይህ መቀነስ ነበር። ለዚህ ንድፈ ሐሳብ ክብር የምሰጠው በዚህ ነው፤ ሊያዋርደው ይችል የነበረ ነገር ተናግሮ አለፈ።

በገጻችሁ ታች «ይህ ከታየ ተሸንፌያለሁ» የሚል ርዕስ ጻፉና ቢያንስ ሁለት ነገር ዘርዝሩ። ቁጥር መስጠት ካልቻላችሁ ቅደም ተከተል ስጡ፤ የትኛው ቡድን ከየትኛው እንደሚበልጥ፣ ልዩነቱ በጊዜ ይሰፋ ወይም ይጠብብ እንደሆነ፣ የት እንደሚገለበጥ። ርዕሱ ሥር የምትጽፉት ካጣችሁ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ደረጃ 6፦ ፈትኑት

ስለ ሙከራ አሠራር የተጻፉ መጻሕፍት ብዙ ናቸውና እዚህ አልቆይም። ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ትንበያውን ከመፈተናችሁ በፊት በቀን አስመዝግቡ፤ ኦፕን ሳይንስ ፍሬምወርክ የተባለው ድረ ገጽ ይህን ያለ ክፍያ ይፈቅዳል። ሁለተኛ፣ ረዳት ግምቶቻችሁን ጻፉ፤ ተሳታፊዎቹ መመሪያውን ተረድተዋል፣ መለኪያው የታሰበውን ይለካል፣ የተሰጠው ሥራ በእርግጥ አድካሚ ነው የሚሉትን። እያንዳንዱ በምን እንደሚረጋገጥ አብራችሁ አስፍሩ። ውጤቱ ከታየ በኋላ ብቻ የሚነሣ ሰበብ አይቆጠርም።

ደረጃ 7፦ መዝኑት፣ አሻሽሉት ወይም ተዉት

የራሳችሁን ብቻ ሳይሆን ከመጻሕፍት የምትወስዱትን ንድፈ ሐሳብም በዚህ ደረጃ አሳልፉት። በአንድ ገጽ ላይ የተሳካለትን በግራ፣ የወደቀበትን በቀኝ ጻፉ። ለሬስኮርላ-ዋግነር ይህ ዓይነት ሒሳብ በ1995 በታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ በጥንቃቄ ተሠርቶለታል፤ የቀኙ ክፍል አጭር አልነበረም።

ለምሳሌ አንድን ድምፅ ከንዝረት በፊት ደጋግማችሁ ለብቻው ካሰማችሁ፣ በኋላ ስለ ንዝረቱ ለማስተማር ሲፈለግ ትምህርቱ ይዘገያል። በሕጉ ግን ምንም መለወጥ አልነበረበትም፤ የመጣው 0፣ የተጠበቀው 0። ደግሞም ፍርሃት ከጠፋ በኋላ ጊዜ ሲያልፍ በራሱ ተመልሶ ይመጣል፤ ሕጉ ግን ጥንካሬው ተመልሶ ወደ 0 ስለወረደ ነገሩ እንዳበቃ ይቆጥራል። እነዚህ ትንንሽ እንከኖች አይደሉም። ፍርሃትን ለማከም ለሚሠራ ሰው የሁለተኛው ውድቀት ትርጉም ግልጽ ነው፤ የጠፋ የመሰለው ፍርሃት አልተሰረዘም።

በግራ በኩል የሚገባው ሌላ ዓይነት ድጋፍም አለ፤ ከጎረቤት ሙያ ጋር መግጠም። በ1990ዎቹ ቮልፍራም ሹልትዝ የዝንጀሮ አንጎል ውስጥ ያሉ የዶፓሚን ነርቮችን ሲመዘግብ፣ ነርቮቹ ያልተጠበቀ ሽልማት ሲመጣ እንደሚነቁ፣ የተጠበቀው ሲመጣ ከወትሮው እንደማይለወጡ፣ የተጠበቀው ሲቀር ደግሞ ከወትሮው እንደሚቀንሱ አገኘ። «የመጣው ሲቀነስ የተጠበቀው» የሚለው ስሌት ስለ ነርቭ ምንም ሳይል ከተጻፈ ከዓመታት በኋላ አንጎል ውስጥ ተመሳሳዩ መገኘቱ ትልቅ ምስክር ነው።

መሠረቱም እንደገና ይመርመር። በ2016 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን የካሚንን መከለል በ15 ሙከራዎች ፈልጎ እንዳላገኘው አሳተመ። ይህ ክስተቱ የለም ማለት ሳይሆን በየትኛው ሁኔታ እንደሚታይ በቂ እውቀት የለንም ማለት ነው። የፌስቲንገርም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ በ2024 የታተመ የብዙ ቤተ ሙከራዎች ጥናት ከእምነታቸው ተቃራኒ የጻፉ ሰዎች አስተያየታቸውን እንደሚለውጡ ቢያገኝም፣ በንድፈ ሐሳቡ ወሳኝ የነበረው የመምረጥ ነፃነት ልዩነት አላመጣም። ደረጃ 1 አንዴ ተሠርቶ የሚዘጋ በር አይደለም።

ትንበያ ሲወድቅ ማሻሻል ወይስ መተው? መለያው ይህ ነው። ያደረጋችሁት ለውጥ ከዚያ በፊት ያልነበረ፣ ሊፈተን የሚችል አዲስ ትንበያ ከሰጠ ማሻሻያ ነው። የወደቀውን ውጤት ብቻ አስተናግዶ ሌላ ምንም ካልጨመረ ጥገና ነው። ኒኮላስ ማኪንቶሽ በ1975፣ ጆን ፒርስና ጄፍሪ ሆል ደግሞ በ1980 ትኩረትን ወደ መማር ሕግ ሲያስገቡ ቀድሞ ለብቻው ስለተሰማው ድምፅ መማር ለምን እንደሚዘገይ ማስረዳት ብቻ አልነበረም ሥራቸው፤ ትኩረት በምን ሁኔታ እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ እርስ በርስ የሚጋጭ ትንበያ ሰጡ፤ ተመራማሪዎችም ሁለቱን አፋጠጧቸው። ጥገና ሁለት ጊዜ ከተደራረበባችሁና የተሻለ ተፎካካሪ ካለ ልቀቁት። ተፎካካሪ ከሌለ ከነጉድለቱ ያዙት፤ ግን ጉድለቱን ከጥንካሬው እኩል ግልጽ አድርጋችሁ ጻፉ።

ሁሉንም ለመሥራት ጊዜ የማይበቃችሁ ተማሪዎች አላችሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን አይጠብቅም። እንዲያ ከሆነ የሒሳቡን ደረጃ ወደ ቅደም ተከተል ትንበያ አሳንሱት፤ ከሦስቱ ማብራሪያዎች ሁለቱን ያዙ። ደረጃ 1ና ደረጃ 5 ግን አይዘለሉ። የክስተቱን አንቀጽና «ይህ ከታየ ተሸንፌያለሁ» የሚለውን ዝርዝር መጠይቁን ከማባዛታችሁ በፊት ለአማካሪያችሁ አስረክቡ፤ ቀን ጻፉበት፣ ቅጂውን ከጽሑፉ ጋር እንደ አባሪ አያይዙ። ፈታኞቻችሁ ውጤቱን ከዚያ ገጽ ጋር አመሳክረው እንዲጠይቋችሁ ንገሯቸው።